የጥምቀቱ ፓውዛዎች

ባለፈው ሳምንት የሕንጻችን ቫክትሜስተር፣ ጥገናውንም ጽዳቱንም የሚቆጣጠረው ሰውዬ ማለቴ ነው፣ ከምድር ቤቱ መጋዘን አንድ አሮጌ ፓውዛ ጎትቶ አወጣና ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ኮሪደሩ ላይ ሰካው። እኔ ቆሻሻ ልጥል ወርጄ ነበር። ፓውዛው ቦግ ሲል ለዓመታት የተከመረበት አቧራ መቃጠል ጀመረ። የሚቃጠል አቧራ፣ የሚግል ብረት፣ ትንሽ ደግሞ የላስቲክ ሽታ። ሰውዬው እየሳቀ፣ ሰዎች ድሮ እንዲህ ዓይነቱን ኤሌክትሪክ በላተኛ ምን ብለው እንደሚገዙት አይገባኝም አለኝና ነቅሎ ወደ መጣያው ወሰደው። እኔ ከነከረጢቴ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ሰባ ያለፈው ሰው ደረጃ ላይ ተገትሮ ሲቀር ጎረቤት ይደነግጣል፤ ከሦስተኛ ፎቅ የወረደች ሴትዮ ደህና መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም፣ ግን ለእሷ የሚነገር ነገር አይደለም።

ለነገሩ የአሁኑን መብራት መብራት ብዬ መጥራት ይከብደኛል። ሽታ የለው፣ ሙቀት የለው፣ እንደ ትሪ የጠፈጠፈ ነገር ነው። እዚህ ኦስሎ፣ ሊንደበርግ ሠፈር፣ በየበረንዳው ይሰቅሉታል፤ መስቀልም ከተባለ። በፕላስተር ይለጥፉታል፣ በጫማ ክር ያስሩታል፣ ፊቱን ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት አዙረው «ስንት ብርሃን አለው መሰለህ!» ይላሉ። አንድ ዕቃ ሲገዙ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት ሳያነቡ የሚጥሉ ሰዎችን በሙሉ ሕይወቴን ስንቃቸው ኖሬያለሁ። በመናቄ ደግሞ አላፍርም። ያቺ ወረቀት ሰው የጻፋት ናት፤ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ከተቃጠለ በኋላ ነው እያንዳንዷ መስመር የምትጨመረው።

ነገሩ የሆነበትን ዓመት ከምጠራ፣ የስልክ ካርድ መፋቅ ትተን በኢንተርኔት መደወል የጀመርንበት ዘመን ነው ብል ይሻላል። ፉሩሴት የገበያ ማዕከል ውስጥ ቡና ቫፈል ከሚሉት ቂጣ ጋር በሠላሳ አምስት ክሮነር ይጠጣ ነበር፤ ቫፈሏ ላይ የሚደረገው ቡናማ አይብ ሳሙና ሳሙና ቢልም እንበላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዱ ሁሉ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያሰፋውን የሚያብረቀርቅ ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ በላዩ የላባ ጃኬት ደርቦ፣ ኮፍያው ዳር ባለው ጠጉር ውስጥ እንደ ቀበሮ ተደብቆ ይቀመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከጃኬቱ በላይ ያጣፉና፣ በረዶው እንዳይጥላቸው ከጫማቸው ሥር ጥርስ ያለው ላስቲክ ያስራሉ። በአዳራሽ ወለል ላይ ሲሄዱ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሜትሮው መውጫ አጠገብ ከነበረው ፀጉር ቤት ሁልጊዜ የማሲንቆ ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ባለቤቱ ድምፁን የሚቀንሰው መላጨት ሲጀምር ብቻ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች በዚያ ዘፈን ይስቁ ነበር። አሁን ሠርጋቸው ላይ ያንኑ ዘፈን ያዘፍኑና ያለቅሳሉ፤ ምን እንደሚያስለቅሳቸው እነሱም አያውቁትም።

ክረምቱ ግን ያው ነው። ጥር ላይ ከምሳ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰው የገዛ ጫማውን አያይም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ጨለማ ነው።

እኔ አገር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። የኳስ ሜዳ ምሰሶ ላይ ወጥቼ፣ ወገቤን በቀበቶ አስሬ፣ የበሬ ጭንቅላት የሚያካክሉ ፓውዛዎች የሰቀልኩ ሰው ነኝ። ያሠለጠኑኝ ፎርማን አምፖሉን በባዶ እጁ የነካ ሠራተኛ ካዩ ከምሰሶው አስወርደው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ያስጠቀልሉት ነበር። የጣት ወዝ እዚያ ላይ ከቀረ፣ ሲግል በዚያችው ቦታ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ነገር የሚማሩት በቁጣ ነው። ኦስሎ ስመጣ ወረቀቴን አዩና፣ ሙያህን እንደገና ተማርና ፋግብሬቭ አውጣ፣ ያለ ሙያ ፈቃድ ሽቦ መንካት ክልክል ነው አሉኝ። ስድሳ ሊሞላኝ ነበር። ሊንደሩድ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ወለል እያጠብኩ ጡረታ ወጣሁ። ኖርዌጆቹን በዚህ አልቀየምም፤ ሕጋቸው ደህና ሕግ ነው። የተቀየምኩት ሌላ ሰው ነው።

ኢንጂነር ታደለ ይባላል። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ድሮ የመንገድ ቅየሳ ቡድን ውስጥ ሜትር ይዞ ይከተል እንደነበር አንድ የሠፈሩ ልጅ ነግሮኛል። እዚህ ግን ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል፣ በየንግግሩ መሀል «በአውሮፓ ስታንዳርድ» ይላል። በቃ። ለእኛ ሰው ይኼ ይበቃዋል። አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ከተናገረ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ፣ ድልድይ እንዲዘረጋ፣ ልብ ቀዶ እንዲሰፋ እንፈቅድለታለን። ዝም ብሎ የሚሠራውን ሰው ግን የሥራ ልብሱን አይተን እናልፈዋለን።

አጥቢያችን የራሱ ቤት አልነበረውም። የኖርዌጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽና ግቢ ተከራይተን ነው በዓል የምናከብረው። ጥምቀትን በዕለቱ ማክበር አይታሰብም፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ወደ ቅዳሜ እናዛውረዋለን። የዚያን ዓመት ደግሞ ግቢው የተፈቀደልን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅዳሴው፣ ዑደቱ፣ ስብከቱ ሲያልቅ የጠበሉ ርጨት ጨለማ ላይ ወደቀ። ስለዚህ ብርሃን ያስፈልጋል ተባለ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ኮሚቴው ውስጥ አልተመረጥኩም። አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ ነበር፤ «ጋሼ ግርማ ደክመዋል፣ ይረፉ» ተባለ።

ኢንጂነሩ ሥጋ ሊገዛ ስዊድን ድንበር ተሻግሮ ሄዶ፣ ከሥጋው ጋር አራት ፓውዛ በቅናሽ ገዝቶ መጣ። ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ የሚቆሙ፣ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ክፍል ውስጥ የሚያበራቸው ዓይነት። ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ እንደ ሙሽራ አሳየን።

«ጎበዝ» አለ፣ «እያንዳንዱ አምስት መቶ ዋት ነው። ግቢው ቀን ነው የሚመስለው፣ ቀን!»

እጄን አወጣሁ። «እነዚህ ለቤት ውስጥ የተሠሩ ናቸው» አልኩ። «ለውጭ የሚሆን ዕቃ ውኃ እንደማያስገባ የሚያሳይ ምልክት አለው፣ እነዚህ የላቸውም። ያውም ርጨት ላለበት በዓል። የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ካረፈ ይፈነዳል።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም። «ጋሼ ግርማ» አለኝ፣ «እርስዎ የሚያውቁት የእንጨት ምሰሶውን ዘመን ነው። የአውሮፓ ዕቃ እኮ ራሱን ይጠብቃል። ለመጥረጊያ ግን እርስዎን ነው የምናማክረው።»

ሳቁ። ካህናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከሃምሳ የማያንሱ ሰዎች፣ ግማሾቹ የእኔኑ ሥራ የሚሠሩ፣ እንደኔው ኬሚካል እጃቸውን የላጠባቸው ሰዎች ሳቁብኝ። ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«ኧረ ይሰማ!» አለች ከኋላ። «ጋሼ ግርማ እኮ ሥራው ነው። እናንተ ምን ታውቃላችሁ?»

የሺ ናት። የሺእመቤት። እዚሁ ሊንደበርግ፣ ከእኔ ሁለት ሕንጻ አልፋ የምትኖር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇን ሣራን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። እኔ ብቸኛ መሆኔን ስለምታውቅ፣ በጾም በፍልሰታው ሽሮዋን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ በራፌ ላይ አስቀምጣ፣ ደወል ደውላ ትሄዳለች። እንዳላመሰግናት ነው የምትሮጠው።

ያን ሳምንት ሁለት ገጽ ወረቀት ጻፍኩ። እጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነው፣ በእሱ እመካለሁ። ፓውዛው ከሰው ቁመት በላይ መሰቀል እንዳለበት፣ ጨርቅና ጃንጥላ ከአንድ ሜትር በላይ እንዳይጠጋው፣ የማራዘሚያ ገመዱ ጥቅል እስከ መጨረሻው መተርተር እንዳለበት፣ ጥቅልል እንዳለ ኃይል ከተሳበበት ራሱን እንደሚያበስል፣ መገጣጠሚያው በረዶ ላይ እንዳይተኛ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር እንዲገባለት፣ ቢቻል ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንዲጠራ። ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጠሁት። በሚቀጥለው እሁድ ወረቀቴን አገኘሁት፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ከትልቁ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሥር ተደርጓል። ውኃ አርሶት ቀለሙ ፈስሷል። አንስቼ አላየሁትም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

በሜትሮ ስመለስ የወሰንኩትን ነገር ዛሬ ሳልሸፋፍን ልናገር። ዝም ልል ወሰንኩ። ያ ዕቃ እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። የገመዱ ጥቅል ይቀልጣል ወይም አንዱ ፓውዛ ይሰነጠቃል፤ ግቢው ድርግም ይላል፤ ኢንጂነሩ በሦስት መቶ ሰው ፊት ይዋረዳል። እኔ ደግሞ ያንን ቆሜ አያለሁ። ስትሰደብ የኖርክበት ሙያህ አንድ ቀን እንዲመሰክርልህ መፈለግ ምን ነውር አለው? ብዬ ነበር። ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ስል ደግሞ፣ ማሰብ በጀመርኩ ቁጥር ሐሳቤን ወደ ሌላ ነገር አዞረው ነበር ማለቴ ነው።

ቅዳሜው መጣ። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነው። ባሕረ ጥምቀት ተብሎ የተዘጋጀው የልጆች መዋኛ ነው፤ በአየር የሚነፋ፣ ጎኑ ላይ ዓሣ የተሳለበት። ዲያቆናቱ ዓሣውን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፈኑት። ውኃው በረዶ እንዳይሆን ከወጥ ቤቱ ሙቅ ውኃ በባልዲ እያመጡ ይጨምሩበታል። እዚህ ላይ እንኳ አልስቅም፤ ታቦት ይዞ በረዶ ውስጥ የቆመ ሕዝብ የሚያደርገውን ነው ያደረግነው። የምስቀው በመብራቶቹ ነበር። ኢንጂነሩ ፓውዛዎቹን በአራቱ ማዕዘን አቁሟቸዋል፣ በሰው ፊት ትክክል። መቆሚያቸው እንዳይታይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ ጠምጥሞባቸዋል፣ እስከ መብራቱ አንገት ድረስ። የአራቱም ገመድ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ፣ ማከፋፈያው በገበያ ፌስታል ተጠቅልሎ በረዶው ላይ ተኝቷል። ከዚያ አንድ ገመድ ወደ አዳራሹ የጎን በር ይመጣል፣ ኮሪደሩ ውስጥ ጥቅሉ እንዳለ፣ አሥር ዙር ሳይተረተር፣ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ሁለት ሺህ ዋት በዚያች ጥቅል ውስጥ ያልፋል። ከወረቀቴ ላይ አንድ በአንድ እያነበቡ ሆን ብለው ሁሉንም የጣሱት ነበር የሚመስለው።

ሄጄ ሶኬቱ አጠገብ ቆምኩ። ከኮሪደሩ በር ላይ ግቢው በሙሉ ይታያል። እግሬ ሥር ያለውን ጥቅል በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ እንደ ዳቦ ትኩስ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያ ቆምኩ። ሰዎች ሲያልፉ፣ ጋሼ ይሞቃሉ እንዴ ይሉኛል፣ አዎ እሞቃለሁ እላለሁ።

የየሺ ልጅ ሣራ መጣች። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እዚህ የተወለዱት ልጆች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚሉት፤ ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ መብራት ኡተንዶሽ አይደለም እኮ» አለችኝ። ለውጭ የተሠራ አይደለም ማለቷ ነው። «ሥሩን አየሁት፣ ምልክት የለውም። አንተ ኤሌክትሪከር አይደለህም? ለምን አትነግራቸውም?»

«ኢንጂነሩን ጠይቂው» አልኳት።

«ጠየቅኩት። ነይ ነይ፣ አትፍሪ አለኝ።»

«እንግዲያው አትፍሪ» አልኳት።

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ካርቶን ሳታነብ አይታ ያወቀችውን፣ ሦስት እስክሪብቶ የሰካው ሰውዬ አላወቀውም። ይኼን አሰብኩና ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የአጥቢያችን አባ ውኃውን ባርከው መርጨት ጀመሩ። ሕዝቡ ወደፊት ገፋ። እልልታው ቀለጠ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ በስተቀኝ ያለው ፓውዛ ላይ አረፈና ጭስስ ብሎ ተነነ። ነጭ እንፋሎት በብርሃኑ ውስጥ ወደ ላይ ሄደ። ሁለት ሦስት ሴቶች ተአምር ያዩ መስሏቸው እልልታቸውን አስረዘሙት። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ያን ጊዜ ነበር መሮጥ የነበረብኝ። ጠብታ ከደረሰ ባልዲ እንደሚከተል ለመገመት ኤሌክትሪክ ማወቅ አያስፈልግም፤ የእኛን ሰው የጥምቀት ዕለት ማወቅ ይበቃል። አባ በእጃቸው ከረጩ በኋላ ጎረምሶቹ በጣሳ፣ ቀጥሎ በባልዲ እንደሚረጩ ሕፃን ያውቀዋል። ከእኔ እስከ ኢንጂነሩ ያለው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሶኬቱ ደግሞ ክርኔ ሥር ነው። እኔ ግን ገና ነው አልኩ። ትንሽ ይቆይ፣ ሰው የኢንጂነሩን ሥራ በደንብ ይየው አልኩ።

ባልዲውን ማን እንደደፋው እስከ ዛሬ አልታወቀም። መስተዋቱ እንደ ጥይት ጮኸ። የጋለው ስብርባሪ ወደ ፊት ተረጨ፤ የሺ እጇን ልታሞቅ መዳፏን ዘርግታ እፊቱ ቆማ ነበር። የነጠላዋ ጫፍ ወደ ተራቆተው አምፖል ተጠጋና በአንድ ትንፋሽ ተቀጣጠለ። ስፒናውን ነቀልኩ። በቅጽበት ነው የነቀልኩት። አራቱም ፓውዛዎች ጠፉ፣ ግቢው ጨለመ፣ በጨለማው ውስጥ የሚበራው የየሺ ነጠላ ብቻ ነበር። ሰዎች በጃኬታቸው አፍነው አጠፉላት። ከዚያ የሣራ ጩኸት ተሰማ፣ በኖርዌጅኛ ነው የጮኸችው፣ እናቴን፣ እናቴን እያለች።

የየሺ ጉንጭ ተቃጠለ። የግራ ዓይኗን ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም።

ቀጥሎ የሆነውን ስናገር እስካሁን ፊቴ ይግላል። ጀግና ሆንኩ። በረዶው ርጥብ ነው፣ ማከፋፈያው ውኃ ውስጥ ነው፣ ሰውዬው ባይነቅለው ኖሮ ስንት ሰው ተያይዞ ያልቅ ነበር አሉ። ይኼ ደግሞ እውነት ነው፤ ያልቅ ነበር። ኢንጂነሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ሻርፑ በእንባ ራሰ። አባ በዐውደ ምሕረት ስሜን ጠርተው መረቁኝ። በወርቅማ ቀለም የተጻፈ የምስጋና ወረቀት በመስተዋት አድርገው ሰጡኝ። እንዴት ፈጥነህ ደረስክ የሚለኝን ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ነው» እለው ነበር። በቀላሉ የሚመጣ መልስ ነው፣ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

የመብራትና የደኅንነት ኃላፊ ተብዬም ተሾምኩ። ተሾምኩ ብቻ አይደለም፣ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ ያለው ኖርዌጅ ባለሙያ አስጠርቼ፣ ከአዳራሹ ባለቤቶች አስፈቅጄ፣ ለውጭ የተሠራ መብራት አምስት ሜትር ከፍታ ላይ አስተከልኩ። ገመዱ በግድግዳ ላይ በቱቦ ሄደ። ርጨቱ ካለበት ቦታ ዙሪያውን ገመድ ወጠርኩ፤ ገመዱን ያለፈውን ሁሉ ጮህኩበት፣ ሁሉም እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ አሉ። እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር እጄ ገባ፤ የገባው በምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኢንጂነር ታደለን እንቀው እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። እሱ ግን አላወቀም ነበር። አለማወቅ ያስንቃል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ዐውቆ የቆመውን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን በየትኛው ቋንቋ እንደምፈልግ አላውቅም።

ከሰው ጋር ሆኜ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ከሰው ጋር ቀላል ነው፤ ብርቱካን አስቀምጦ፣ እግዜር ይማርሽ ብሎ፣ ስለ ሜትሮው መዘግየት አውርቶ መውጣት ነው። ብቻዬን እቤቷ ለመሄድ ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አዲሶቹ መብራቶች በበሩበት ጥምቀት ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሄድኩ። ሣራ የላይብረሪ ሥራ ላይ ነበረች። የሺ በሩን ከፍታ ሳመችኝ፤ የተቃጠለው ጉንጯ ጉንጬ ላይ ሸካራ ነበር። ተቀመጥን። ትላንት ጥሩ መብራት ነበር አለችኝ። እኔ ልነግራት ነበር የመጣሁት።

«የሺ» አልኳት፣ «ያን ቀን እኔ ከሩቅ ሮጬ አይደለም የደረስኩት። ሶኬቱ አጠገብ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ጉዴን ደርሳበታለች ብዬ ጃኬቴን ሳብኩ።

«አይቼህ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ። «ያን መብራት እዚያ ስብሰባ ላይ ከነገርከን ጀምሮ ስፈራው ነበር፤ ሣራንም አትጠጊው ብያታለሁ። የበዓሉ ዕለት ዞር ስል አንተ ሶኬቱ ጋ ቆመሃል። ጋሼ ግርማ ካለበትማ ምን ይመጣል ብዬ፣ ሄጄ እጄን አሞቅኩ።»